ጥላ የለበሱት ስድስቱ ሐረጎች

ሙኽታር አብዱልሃኪም የሰደበኝ በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ 2 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የዓረፋ ዕለት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦታው ባሕር ዳር፣ አባቱ ቤት፣ ትልቁ ሳሎን። ሰዓቱን እንዴት አወቅህ የሚለኝ ካለ፣ ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሎ ነበር። ስድቡ ሲወርድብኝ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ነገር አጥቼ እሱን ሳይ ቆየሁ።

እኔ የሐጂ አብዱልሃኪም ወይን ጠባቂ ነበርሁ። እርሻው ከከተማው ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነው። ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ። አባቴ ጎርጎራ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ብዙም ሳልቆይ ትምህርቱን ተውሁት። ይህን የማወራው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም።

ለዓረፋው ከወረታ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ሐጂ እጄን ይዘው ከእነሱ ጋር አስቀመጡኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ አልክድም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሸምገል ያሉት፣ "ሐጂ፣ ዘንድሮ ወይኑን ነጭ ሻጋታ ጨረሰው ይባላል፤ እውነት ነው?" አሉ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ "የጨረሰውስ ጥላ ያለበትን ነው። ፀሐይ የሚመታው ቅጠል ግን በውስጡ..." ብዬ ጀመርሁ።

"ተው እንጂ ሙአዊያ!" አለ ሙኽታር፣ የሐጂ ትልቁ ልጅ፣ አጥንት በያዘ እጁ ወደ እኔ እየጠቆመ። "እኛ የቀጠርነው እጅህን ነው። ጭንቅላትህን ደግሞ ማን ቀጠረው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሐጂ እንኳ ፈገግ አሉ። የገደለኝ ግን ይህ አይደለም። እህቱ ሪሃብ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። ስቃለች። ጥርሷን አይቻለሁ።

ያን የቅጠልና የፀሐይ ነገር ያስተማረችኝ እኮ እሷ ራሷ ናት።

በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ በሰው ሳሎን፣ እንባዬ እንዳይመጣ የሰዓቱን ቀጭን ዘንግ እየተከተልሁ ተቀመጥሁ።

*

ሪሃብ ወደ እርሻው የመጣችው ግንቦት መግቢያ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር፤ የመመረቂያ ጥናቷ የወይን በሽታ ሆነ። ከዚያ በፊት የማውቃት የመኪና መስኮት የማትከፍት የጌታዬ ልጅ አድርጌ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ሐረግ መረጠች። በስድስቱ ላይ ጥቁር መረብ አስወጠረችኝ፤ ስድስቱን ፀሐይ ላይ ተወቻቸው። ቀጥላ ከታመመ ቅጠል ያጠበችውን ውሃ መርጫ ውስጥ ሞላችና በደህናው ሐረግ ላይ ልትረጭ ተነሣች። መርጫውን ያዝሁባት።

"ምን እያደረግሽ ነው? በሽታውን በገዛ እጅሽ?"

"እንዲታመሙ ነው የምፈልገው።"

"ሱብሃነላህ! አባትሽ ያውቃሉ?"

ሳቀች። ያኔ የሳቀችው ሳቅ ሌላ ነበር። "ሁሉም በሽታውን እኩል ይቅመሱት፤ ከዚያ ጥላ ያለበትና ፀሐይ ያለበት እንዴት እንደሚሆኑ አያለሁ። አንተ ሰባት ዓመት ስታድናቸው ኖረሃል። እንዴት እንደዳኑ ማወቅ አትፈልግም?"

ምን ማወቅ እንደምፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። መርጫውን ለቀቅሁላት።

በሳምንቱ ከመረቡ ሥር ያሉት ቅጠሎች ከላይ ዘይት እንደነካው ወረቀት ቢጫ ነጠብጣብ አወጡ። ገልበጥ ሲያደርጓቸው ከታች እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነጭ ነገር። የፀሐዮቹ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ነበር። እኔ ይህን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

"የፀሐዩ ቅጠል እኮ አፍ ይይዛል" አልኋት አንድ ቀን። "የጥላው ለስላሳ ነው።"

እስክሪብቶዋን አቆመች። "ከየት አመጣኸው?"

"በልቼ ነዋ።"

"ቅጠል ትበላለህ?"

"ጠባቂ ታዲያ ምን ይበላል? ፍሬው የአባትሽ ነው።"

እየሳቀች ከሁለቱም አንዳንድ ቅጠል ቆረጠች፤ የፀሐዩን አኘከችና ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ እዚያው አፈር ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ቅጠል ፀሐይ ሲበረታበት እንዳይቃጠል በውስጡ መከላከያ ይሠራል። አፍ የሚይዘው እሱ ነው። ሻጋታውም የሚጠላው ያንኑ ነው። ጥላ ውስጥ ያደገ ቅጠል የሚከላከለው ስለሌለ አይሠራውም፤ በሽታው ሲመጣ ባዶ እጁን ያገኘዋል። "ምን ያህል እንደሠራ ላቦራቶሪ ወስደን እንለካዋለን" አለች። እኔ ስለ ቅጠል የምታወራ አልመሰለኝም። እንዲያ ስትናገር እጄን፣ ፊቴን፣ በፀሐይ የጠቆረ አንገቴን እያየች ነበር።

ደብተር ሰጠችኝ። በየጠዋቱ የሐይቁ ጉም ስንት ሰዓት እንደሚገፈፍና ፀሐይ ሐረጎቹን መቼ እንደምታገኛቸው እጽፋለሁ። "ጽሑፍህ ያምራል" አለችኝ። ማታ ማታ ያለ ምክንያት መጻፍ ጀመርሁ።

ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት ሁለታችን ከመረቡ ሥር ተጎንብሰን እየቆጠርን ነው። እሷ ቅጠሉን ትገለብጣለች፣ እኔ ነጠብጣቡን እቆጥራለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ቢያዝን ከወዲያ ይኮተኩታል።

"አባባን ቃል አስገብቻቸዋለሁ" አለች፣ ከቅጠሉ ዓይኗን ሳታነሣ። "ጥናቱን በመስከረም ከጨረስሁ የማገባውን እኔ እመርጣለሁ። ካልጨረስሁ ለወረታው ነጋዴ ልጅ ይድሩኛል።"

"ብትጨርሺ ማንን ትመርጫለሽ?"

ጣቷ ጣቴን ነካው፤ አላነሣችውም።

"ቁጠር" አለች በቀስታ።

አርባ ሁለቱን አርባ ብዬ ነገርኋት። ስህተቱን አውቃ ሳታርመኝ ጻፈችው። ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ እግሬ መሬት መንካቱን አላስታውስም።

*

ከዓረፋው በኋላ ግን ሁሉ ነገር ጠቆረ። ሰኞ መጥታ ሰላም አለችኝ፤ መሬት መሬት እያየሁ መለስሁላት።

"ሙአዊያ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምንም። እጄ ደህና ነው።"

ቀላች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቢያዝን ውሃ ተሸክሞ ሲመጣ ተወችው። እኔም አላገዝኋት። እንድትለምነኝ ፈልጌ ነበር።

ሳምንት ቆይታ የበሽታውን ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ ረጨች። ስትሄድ፣ "መረቡን አደራ። የሚመጣው ሰኞ መምህሬ ዶክተር አማኑኤል ሊያዩ ይመጣሉ። ሙኽታር ነው የሚያመጣን" አለች። ለወትሮው አሥር ጥያቄ እጠይቃት ነበር። ምን ሊያዩ፣ ምን ይዘው፣ እኔ ምን ላዘጋጅ። ያን ቀን "እሺ" ብቻ አልሁ።

እሁድ ጠዋት መረቡን ገለጥሁ። ቅጠሎቹ ዱቄት የተነፋባቸው መስለዋል። ሐምሌው ዘንቦ ዘንቦ ጥላ ላይ ጥላ ጨምሮባቸው፣ በሰባት ዓመት እንዲያ ያለ አላየሁም። ነገ ሙኽታር ይህን ሊያይ ነው ብዬ አሰብሁ።

ወይን ጠባቂ እንግዳ በሚመጣበት ዋዜማ የታመመ ቅጠል ሐረግ ላይ አያሳድርም። ይለቅማል፣ ከእርሻው አርቆ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አመድ ነስንሶ ይቀብራል። የታመመውን ትቶ እንግዳ የሚቀበል ጠባቂ ፊቱን ሳይታጠብ ሰው ቤት እንደሚሄድ ነው። ስለ እሷም አስቤያለሁ። ቆጠራው ሁሉ ደብተሯ ላይ ሰፍሯል፤ ሰኞ ለመምህሯ ማሳያ ነው፤ የተጎሳቆለ ሐረግ አቅርባ አትፈር ብዬ ነበር።

"ልጅቷን ሳንጠይቅ?" አለኝ ቢያዝን።

"ሰባት ዓመት ማንን ጠይቄ ነው የለቀምሁት?"

"እኔስ ምን ቸገረኝ። ብቻ በማርያም፣ የተቀየምሃት እንደሆን ቂሙን ለእሷ ንገራት፤ ቅጠሉ ላይ አትወጣው።"

"ሥራህን ሥራ!"

ቀኑን ሙሉ ለቀምሁ። እሷ ያስለመደችኝ ሆኖብኝ ከየሐረጉ እየቆጠርሁ ነበር፤ ከአንደኛው ሠላሳ አንድ፣ ከሁለተኛው አርባ አራት፣ እያልሁ እስከ ስድስተኛው። ድምሩ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ። ቀብሬ ስነሣ ስድስቱ ሐረጎች ሳስተዋል እንጂ ንጹሕ ናቸው። መረቡን ስትገልጥ ፊቷ የሚሆነውን አሰብሁና ቂሜ ሁሉ ቀለለኝ። ከዓረፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራቴን በደንብ በላሁ።

*

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ዶክተር አማኑኤል መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሰው ናቸው። የበረዶ ሳጥን በእጃቸው ይዘዋል። ሙኽታር ጫማው ጭቃ እንዳይነካ እየዘለለ ከኋላ መጣ። ሪሃብ ቀድማ መረቡን ገለጠችው።

ቆመች። ዝቅ ብላ አየች፣ ወደሚቀጥለው ሐረግ ሄደች፣ እሱንም አየች።

"ቅጠሎቹስ?" አለች።

"ለቀምኋቸው" አልሁ። ፈገግ ብዬ ነበር። አላህ ያውቃል፣ ፈገግ ብዬ ነበር። "አንድም የታመመ የለም።"

"የት ናቸው?"

"ቀበርኋቸው።"

ፊቷ ደም አጣ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ዛሬ ነበር የሚቆጠሩት" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "ለላቦራቶሪ የሚወሰደውም ዛሬ ነበር። ከፀሐዩ ጋር የሚነጻጸረው ይኼው ነበር እኮ። የቀረው ደህና ደህናው ነው፤ ይህን ለክተን ጥላው ምንም አላደረገም ልንል ነው? ለዚህ ክረምት ደግሞ እንደገና መጀመር አንችልም።"

ዝናቡ ጀመረ።

"ሁለት ነገር ነው" አለ ሙኽታር፣ ሳቁን ሊደብቅ እንኳ ሳይሞክር። "ወይ ደንቆሮ ነው፣ ወይ አውቆ ነው። የትኛው እንደሆነ ራሱ ይንገረን።"

ሪሃብ ወደ እኔ ዞረች። "ሙአዊያ፣ በዓረፋው ተቀይመህ ነው?"

ከሁሉም በላይ ያ ጥያቄ ወጋኝ። እሷም ጠረጠረችኝ።

አፌ ውስጥ "አላወቅሁም" የሚለው ነበር። ግን ያን ቃል እኔ አውቀዋለሁ። አባቴን ቀብሬ ትምህርት ቤት የተመለስሁ ጊዜ፣ መምህር አለበል የሚባል ሰው ያለፈኝን ትምህርት ክፍሉ ፊት አቁሞ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ "አላውቅም" አስባለኝ። ልጆቹ በሦስተኛው ተቀብለው አብረውኝ አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቃል ከእኔ አፍ ለመስማት ያልተሰለፈ ሰው የለም።

"ስንት እንደለቀመ ቢያውቅ እንኳ ጥሩ ነበር" አሉ ዶክተሩ።

"መቁጠር ይችላል ብለው ነው?" አለ ሙኽታር።

ሠላሳ አንድ፣ አርባ አራት፣ ሃያ ዘጠኝ። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበሩ። ጥርሴን ነከስሁባቸው። ሪሃብ በዝናቡ ውስጥ ቆማ ስታየኝ፣ በእሷና በእኔ መካከል የነበረው ነገር እንደ በሰበሰ ገመድ አንድ አንድ ክሩ ሲበጠስ ተሰማኝ።

*

ረቡዕ ቢያዝን ደብዳቤ አመጣልኝ። "ልጅቷ ስታለቅስ ነበር" ብሎኝ ሄደ። ደብዳቤውን የወይኑ መደገፊያ ሥር ተቀምጬ፣ ፊደል በፊደል አነበብሁት።

"ሙአዊያ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

በዓረፋው ስቄያለሁ። አልክድህም። የወይኑን ነገር የጠየቁት ሽማግሌ የወረታው ልጅ አባት ናቸው። ፊቴን ባጠቁር ልቤ የት እንዳለ ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ሙኽታር አስቀድሞም ይጠረጥር ነበር። በፍርሃት የሳቅሁት ያ ሳቅ ግን እስካሁን ጥርሴን ያመኛል። ሰኞ ሰው ፊት የጠየቅሁህም ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ።

ዶክተር አማኑኤል አንድ መንገድ አለ ይላሉ። ቅጠሉን የለቀመው ሰው ከየሐረጉ ስንት እንደለቀመ በትክክል ከተናገረና ባለማወቅ መሆኑን ጽፎ ከፈረመ፣ ቆጠራው ይድናል። ጉድጓዱንም ካሳየን ከአመዱ ውስጥ የሚተርፍ ቅጠል ይኖር ይሆናል። አንተ ሳትቆጥር አትለቅምም፤ እኔ አውቅሃለሁ።

አውቀህ ያደረግኸው ከሆነ አትምጣ። ሳታውቅ ከሆነ ግን ና፣ አላወቅሁም በል። አለማወቅ ምኑ ያሳፍራል? እኔ የማላውቀውን ሳሳድድ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ቅጠሉን አኝከህ የነገርኸኝን ስምህን ጠቅሼ በጥናቴ አስገብቼዋለሁ። ዶክተሩ ይህ ሰው ማን ነው ቢሉኝ፣ ላገባው የምፈልገው ሰው ነው አልኋቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ እንጠብቅሃለን። ሙኽታርም ይኖራል፤ ብቻዬን እንድወጣ አባባ አልፈቀዱም።

ሪሃብ"

ላገባው የምፈልገው ሰው። አራት ጊዜ ተመልሼ አነበብሁት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት፤ ወዲያው መልሼ አወጣሁት። ደስታ ይሁን ፍርሃት ለይቼ አላወቅሁትም።

*

ዓርብ ሄድሁ። ለዒድ የገዛሁትን ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሰማዩ ከሐይቁ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ነበር። ጀልባዎቹ ዝናብ ፈርተው ታስረዋል፤ ዳር ዳሩን የበቀለው ደንገል በነፋስ አንድ ጊዜ ይተኛል፣ አንድ ጊዜ ይነሣል። ሪሃብ ጥቁር ሒጃብ አድርጋ ውሃው ዳር ቆማለች። ዶክተሩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘዋል። ሙኽታር መኪናው ላይ ተደግፏል።

"መጣህ" አለች። ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁት።

"መጣሁ።"

"አውቄ ነበር። እንደምትመጣ አውቄ ነበር።"

"አቶ ሙአዊያ" አሉ ዶክተሩ። አቶ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም፤ ወደ ኋላዬ ልዞር ምንም አልቀረኝ። "አይጨነቁ። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ይፈርሙልናል።"

"ደብዳቤውን አነበብኸው?" አለች ሪሃብ።

"አነበብሁት።"

"ሁሉንም?"

"አራት ጊዜ።"

ዓይኗ ሞላ። ከእንባው ጋር ፈገግ አለች፤ በክረምቱ ሁሉ ያየሁት ፀሐይ ያ ብቻ ነው። "እንግዲህ በል። ከአንተ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። የቀረውን ለአባባ እኔ እነግራቸዋለሁ። አልፈራም ከእንግዲህ።"

አፌን ከፈትሁ። በአላህ እምላለሁ፣ ልል ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ!" አለ ሙኽታር። ከመኪናው ተነሥቶ ስልኩን አወጣና ፊቴ ላይ ደገነው። "ልቅረጸው። አባባ በጆሯቸው ይስሙት። ወረታ ያሉትም ይስሙት። እሺ ሙአዊያ፣ ጀምር፤ ጮክ በል።"

"ሙኽታር! አስቀምጠው!" ጮኸች።

"ምን አደረግሁ? አላወቅሁም ሊል አይደል? ይበል እንጂ!"

"አቶ ሙኽታር፣ ይህ አያስፈልግም" አሉ ዶክተሩ።

ስልኩ አልወረደም። ትንሿ ቀይ መብራት ትበራለች። ከመብራቷ ኋላ ያ ሳሎን ታየኝ፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ሰው ሲስቅ፣ ደግመው ሲከፍቱት።

"እሱን አትየው" አለች ሪሃብ። ቀረብ ብላኝ ነበር፤ በወንድሟ ፊት እንዲያ ቀርባኝ አታውቅም። "ሙአዊያ፣ እኔን እየኝ። እኔን ብቻ። ለእኔ በል፣ በጆሮዬ በል።"

አየኋት። እጇን ዘርግታለች፤ መዳፏ ላይ የወይን ቅጠል ያቀለመው ምልክት ገና አልለቀቀም። ልነካው ፈለግሁ። ቁጥሮቹን ሁሉ ልዘረግፍላት፣ ጉድጓዱ ድረስ እጇን ይዤ ልወስዳት ፈለግሁ። ቀይዋ መብራት ግን በዓይኔ ጥግ ትበራለች፤ አፌ ደግሞ እንደ ድንጋይ ከብዶኛል።

ዞርሁ። መጀመሪያ እግሬ የእኔ አልመሰለኝም። ከዚያ በደንገሉ አጠገብ በምታልፈው መንገድ መራመድ ጀመርሁ።

"ሙአዊያ!"

አልቆምሁም።

"ሙአዊያ!" ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ደክሞ ነበር።

ሦስተኛውን እየጠበቅሁ፣ ቀስ እያልሁ ሄድሁ።